ድንጋይ ተሸካሚዎች ያቆሙት ቤተ ክርስቲያን

ለሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የወጣ።





እንደሚታወቀው ማኅበራችን ለለቅሶም፣ ለሰርግም፣ ለስብሰባም የሚሆን አዳራሽ ለመሥራት ተነሥቷል። ባለፈው ስብሰባ ስለ መዋጮው ስንነጋገር አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ አደረ። ይኸውም፣ ገንዘብ ማዋጣት የማይችል አባል ጉልበቱን ቢሰጥ እንደ ከፈለ ይቆጠርለታል ወይ የሚል ነው። ግማሾቻችን «ይቆጠርለት» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ብር የከፈለና ድንጋይ ያቀበለ እንዴት እኩል ይሆናሉ?» አልን። ነገሩ እየጠነከረ ሲሄድ ጉባኤው ለዛሬ ቀጠረው።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ሲመክር አንድ ሐሳብ መጣ። ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሠራ ሰፈር አለ ወይ? ሠርቶስ ተሳክቶለታል ወይ? ይህን ብናውቅ ከክርክሩ ይልቅ ምሳሌው ይዳኘናል አልን። በአገራችን ደቦና ወንፈል እንዳለ ማንም አያጣውም። ነገር ግን ደቦ እርሻ ያርሳል፣ ጎጆ ያቆማል። ለብዙ ዓመት የሚቆም ትልቅ ሕንፃ ግን የሰፈር ሰው በጉልበቱና በመዋጮው ሠርቶ ይጨርሳል ወይ? በዚህ ላይ ያገኘነውን ታሪክ ዛሬ እንነግራችኋለን።

ታሪኩ የአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው። በማኅበራችን ውስጥ ኦርቶዶክስም፣ እስላምም፣ ጴንጤም፣ ካቶሊክም አለ። ስለዚህ ማንም «ወደ ሃይማኖት ሊወስዱን ነው» ብሎ እንዳይሰጋ አስቀድመን እንናገራለን። የምናወራው ስለ ግንባታው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ የሚገኘው በስፔን አገር፣ በካታሎኒያ፣ በባርሴሎና ከተማ ነው። ስሙ ሳንታ ማሪያ ዴል ማር ይባላል። በእኛ ቋንቋ «የባሕሯ ቅድስት ማርያም» እንደ ማለት ነው። እንዲህ የተባለው የቆመበት ሰፈር በባሕሩ ዳርቻ ስለ ነበረ ነው። ሰፈሩ ሪቤራ ይባል ነበር፤ ዳርቻ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የቁምስና ቤተ ክርስቲያን ነው። ቁምስና የሚሉት ካቶሊኮቹ በአንድ አካባቢ ያሉ ምእመናን አንድ ላይ የሚገለገሉበትን ነው። እንግዲህ በአጭሩ የሰፈር ቤተ ክርስቲያን ነው ማለት ነው። በቦታው ላይ ከእርሱ በፊት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንደ ነበረ በ998 የተጻፈ ጽሑፍ ያነሣል። ሰፈሩ ግን እያደገ ሄደ። ነጋዴው፣ መርከበኛው፣ አንጥረኛው፣ ዓሣ አጥማጁ በዛ። ትንሿ ቤተ ክርስቲያን አልበቃ አለች።

በዚያን ዘመን በዚያው ከተማ ሌላ ትልቅ ግንባታ ተጀምሮ ነበር። እርሱም የጳጳሱ ካቴድራል ነው። በ1298 ነው የተጀመረው። ካቴድራሉ የጳጳሱ፣ የካህናቱና የመኳንንቱ ነበር። የሪቤራ ሰዎች «እኛም በሰፈራችን የራሳችንን እንሥራ» አሉ። በ1324 በርናት ሉል የሚባሉ ካህን የዚህ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ዲያቆን ሆነው ተሾሙ፤ ሥራውን በማነሣሣት በኩል ብዙ ደከሙ። ከዚያም መጋቢት 25 ቀን 1329 የመሠረቱ ድንጋይ ተቀመጠ። በዓሉ የእመቤታችን ብሥራት በዓል ነው። ዙፋን ላይ የነበረው ንጉሥ አልፎንሶ ነበር። በዚያው ጊዜ በእኛ አገር አፄ ዓምደ ጽዮን ነግሠው ነበር፤ ዘመኑን እንድትገምቱት ያህል ነው።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ተወሰነ። የሥራው ባለቤት የሰፈሩ ምእመናን ብቻ እንዲሆኑ ነው። ሥራው የሚካሄደው እነርሱ በሚያዋጡት ገንዘብና በሚሰጡት ጉልበት ነው ተባለ። ይህን ልብ በሉልን። ገንዘብና ጉልበት አንድ ላይ ተጠሩ። እኛ በባለፈው ስብሰባ የተጨቃጨቅንበትን እነርሱ ከመሠረቱ ድንጋይ ጋር ቋጩት።

አሁን ስለ ተሸካሚዎቹ እንንገራችሁ። ባርሴሎና ያን ጊዜ ትልቅ የንግድ ከተማ ትሁን እንጂ መርከብ ተጠግቶ የሚራገፍበት የተሠራ ወደብ አልነበራትም። መርከቡ ከዳርቻው ራቅ ብሎ መልሕቅ ይጥላል። ዕቃው በትናንሽ ጀልባ ወደ ዳር ይመጣል። ከዳር ወደ መጋዘን የሚያደርሰው የሰው ትከሻ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ባስታሾስ ይባሉ ነበር፤ በእኛ አነጋገር ኩሊ ወይም ወዛደር የምንላቸው ናቸው። ማኅበር ነበራቸው። በከተማው ካሉት የሙያ ማኅበራት ውስጥ ግን በሀብት ከታች ነበሩ። የሚሸጡት ዕቃ የላቸውም። ሱቅ የላቸውም። ያላቸው ትከሻ ብቻ ነው።

ለግንባታው የሚሆነው ድንጋይ የሚወጣው ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ካለው ከሞንጁዊክ ተራራ ካባ ነበር። ተራራው በባሕሩ አጠገብ ነው። ድንጋዩ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ለጥርብ ይመቻል። ከካባው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ ግን ባዶ እጁን ለሚሄድ ሰው እንኳ ቀላል አልነበረም። ታዲያ እነዚያ ተሸካሚዎች ምን አደረጉ? ገንዘብ ማዋጣት ባይችሉ ድንጋዩን ያለ ክፍያ ለማምጣት ቃል ገቡ። አንዳንዱ ድንጋይ በጀልባ እስከ ዳርቻው ይመጣ ነበር፤ ከዚያ በትከሻ ይነሣል። አንዳንዱም ከካባው ጀምሮ በጀርባ ይመጣ ነበር። ቀን የነጋዴውን ዕቃ ተሸክመው እንጀራቸውን ይበላሉ፤ ከሥራ ሲያርፉ የቤተ ክርስቲያኑን ድንጋይ ይሸከማሉ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም? ይህ ተረት የትም አገር ይሠራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጉልበት ብቻውን ቤተ ክርስቲያን አላቆመም። ይህን ካልነገርናችሁ ታሪኩን አጎደልን ማለት ነው። ሥራውን የነደፈውና የመራው ቤሬንገር ደ ሞንታጉት የሚባል ሙያተኛ ነበር። ከእርሱ ጋር ራሞን ደስፑች የሚባል ሌላ ባለሙያ ሠርቷል። ድንጋይ ጠራቢና ግንበኛ ነበረ፤ አናጢ ነበረ፤ አንጥረኛ ነበረ። ከሰፈሩ ነጋዴዎችና መርከበኞች ገንዘብ ይመጣ ነበር። እንግዲህ ሥራው ሦስት ነገር አንድ ላይ ይዞ ነበር። የባለሙያ ዕውቀት፣ የባለ ሀብት ገንዘብ፣ የድሃው ጉልበት። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ግድግዳው አይወጣም ነበር። የካባው ድንጋይ ሰው ካላመጣው ተራራ ላይ ይቀራል። የመጣውም ድንጋይ የሚጠርበው ካላገኘ የድንጋይ ክምር ሆኖ ይቀራል።

አሠራሩን ደግሞ እንመልከት፤ ለእኛም አዳራሽ ይጠቅማል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልጀመሩም። በመጀመሪያ የውጭ ግድግዳውን፣ በጎንና በጎን ያሉትን ትናንሽ የጸሎት ክፍሎችና የፊት ለፊቱን ገጽ ሠሩ። ይህ በ1350 አካባቢ አለቀ። ትናንሾቹ ክፍሎች በከንቱ የተሠሩ አይደሉም። የድንጋይ ጣሪያ ከባድ ነው፤ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። ያን ግፊት የሚይዙ ወፋፍራም ደጋፊ ግንቦች ያስፈልጋሉ። እነርሱ ታዲያ በሁለት ደጋፊ ግንብ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ዘግተው ክፍል አደረጉት። ድጋፉም ድጋፍ ሆነ፣ ቦታውም ለጸሎት ዋለ። ድሃ ቤት ሲሠራ እንዲህ ነው የሚያስበው፤ አንድ ነገር ለሁለት አገልግሎት።

በውስጥ በኩል ስምንት ማዕዘን ያላቸው ረጃጅም ዓምዶች ቆሙ። በአንዱ ዓምድና በሌላው መካከል ያለው ርቀት 13 ሜትር ያህል ነው። በመካከለኛው ዘመን ተሠርተው እስከ ዛሬ ከቆሙት ሕንፃዎች ሁሉ ዓምዶቹ እንዲህ የተራራቁበት የለም ይባላል። የጎንና የጎኑም ጣሪያ ከመካከለኛው ብዙ ዝቅ አይልም። በዚህ የተነሣ ከውስጥ ሲያዩት አንድ ሰፊ አዳራሽ ይመስላል። ከኋላ የቆመውም ሰው ከፊት የሚሆነውን ያያል። ባለ ሀብቱ ፊት፣ ድሃው ከዓምድ ኋላ ተደብቆ የሚቆምበት ቤት አይደለም።

ሥራው ያለ ችግር አልሄደም። በጀመሩ በአራተኛው ዓመት፣ በ1333 በካታሎኒያ ክፉ ረሃብ ገባ። ሰዎቹ ራሳቸው ያን ዓመት «የመጀመሪያው ክፉ ዓመት» ብለው ሰየሙት። በ1348 ደግሞ ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ ከተማዋን መታ። ስንት ግንበኛ፣ ስንት ተሸካሚ እንደ ረገፈ አስቡት። እኛም ብንሆን በአንድ ወር ውስጥ ሦስት አራት ለቅሶ ሲደራረብብን እንኳ የማኅበራችን ሥራ ምን ያህል እንደሚንገዳገድ እናውቃለን። እነርሱ ግን ከወረርሽኙ ሁለት ዓመት በኋላ ግድግዳውን ጨረሱ። በ1379 ደግሞ እሳት ተነሥቶ ከተሠራው ብዙውን ጎዳ። ያንንም ጠገኑ። ኅዳር 3 ቀን 1383 የመጨረሻው ድንጋይ ተቀመጠ። ነሐሴ 15 ቀን 1384፣ በፍልሰታ በዓላቸው ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ተባረከ።

እንግዲህ እንቁጠር። ከ1329 እስከ 1383፣ 54 ዓመት ነው። ረጅም ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የጳጳሱን ካቴድራል አስቡት። በ1298 ተጀምሮ ዋናው አካሉ የተጠናቀቀው 150 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1448 ነው። የፊት ለፊቱ ገጽና ማማው ደግሞ ተሠርቶ ያበቃው በ1913 ነው። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ግን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አለቀ። በልጅነቱ መሠረቱ ሲጣል ያየ ሰው ሽማግሌ ሆኖ ቅዳሴውን ሰምቶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ዘመን በመሠራቱም ሕንፃው አንድ ወጥ ነው። የአንዱ ዘመን ሰው የጀመረውን የሌላው ዘመን ሰው በሌላ ፋሽን አልቀጠለበትም።

ለምን ፈጠነ? ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን አንዱን አጥብቀን እንይዛለን። ሥራው የሚሠሩት ሰዎች ንብረት ነበር። የራሱን ቤት የሚሠራ ሰው ደመወዝ ስላልመጣ መዶሻውን አይጥልም።

ተሸካሚዎቹስ ምን አገኙ? ደመወዝ አልተቀበሉም ብለናል። ነገር ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትልቁ በር የሄደ ሰው እስከ ዛሬ ያያቸዋል። በበሩ ላይ ድንጋይ ተሸክመው የጎበጡ ሁለት ሰዎች በነሐስ ተሠርተው ተለጥፈዋል። በዓለም ላይ ባሉ ትልልቅ በሮች ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው ንጉሥ ነው፤ ጳጳስ ነው፤ መልአክ ነው። እዚህ ግን ኩሊው በሩ ላይ ነው ያለው። የገባ ሁሉ በእርሱ በኩል ነው የሚገባው።

ሌላም ነገር አለ። በጎን በር በኩል ግድግዳው ላይ ሥራው የተጀመረበት ዓመት በድንጋይ ተቀርጿል። በበሩ በአንዱ ወገን በላቲን ነው የተጻፈው፤ ላቲን የካህናቱና የምሁራኑ ቋንቋ ነበር። በሌላው ወገን ግን በካታላን ነው፤ የሰፈሩ ሰው በገበያና በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ማለት ነው። ማንበብ የሚችል የሰፈሩ ልጅ የአያቱ ሥራ መቼ እንደ ተጀመረ ማንንም ሳይጠይቅ ያነባል። መዝገብ ማለት ይህ ነው። መዝገብ ባለቤቱ በሚያነበው ቋንቋ ሲጻፍ ነው መዝገብ የሚሆነው።

አሁን ደግሞ ካለቀ በኋላ የደረሰበትን እንንገራችሁ። ቤት ተሠርቶ አያልቅምና።

የካቲት 2 ቀን 1428 በካታሎኒያ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። በፊት ለፊቱ ግንብ ላይ የነበረው ትልቁ ክብ የመስተዋት መስኮት ፈረሰ፤ ሰዎችም ሞቱ። አዲሱ መስኮት በ1459 ነው ያለቀው፤ መስተዋቱ በሚቀጥለው ዓመት ገባ። በአንድ ቅጽበት የፈረሰውን ለመመለስ 31 ዓመት ፈጀ። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ማስቀመጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለንም።

ሁለት ማማዎች ነበሩት። ሕንፃው ከአለቀ በኋላም ማማዎቹ አላለቁም ነበር። አንዱ በ1496 ተጠናቀቀ። ሁለተኛው በ1902 ተጠናቀቀ። በመካከላቸው ያለው 406 ዓመት ነው። ታዲያ በእነዚህ 406 ዓመታት ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ነበር? አልነበረም። ይቀደስበታል፣ ይጠመቅበታል፣ ይጋባበታል፣ ይለቀስበታል። የሚያስፈልገው አስቀድሞ ተሠራ፤ ጌጡ ሲሆን ሆነ። እኛም «ኮርኒስ ሳይገባ፣ ቀለም ሳይቀባ አንገባም» ከምንል ጣሪያው በቆርቆሮ ተመትቶ ከዝናብ ካስጣለን እንግባበት፤ ሌላው ቀስ እያለ ይደርሳል።

በ1714 ደግሞ ከባድ ነገር መጣ። ከተማዋ ለብዙ ወራት ተከብባ ቆይታ በጦርነት ተያዘች። በመከላከል የሞቱት ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው የመቃብር ቦታ ተቀበሩ። ያሸነፈው ንጉሥ ምሽግ ለማሠራት ብሎ ከሪቤራ ሰፈር ብዙውን ክፍል አስፈረሰው። አንድ ሺህ ያህል ቤት ፈረሰ። ሰዎቹ የገዛ ቤታቸውን ለቀው ሄዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ቀረ። ሰፈሩ ሲበተን የተረፈው የጋራ ቤታቸው ነበር። ቤቱን ያጣ ሰው ልጁን ይዞ «ይህን አያቶችህ ናቸው የሠሩት» የሚልበት አንድ ነገር ቀረለት ማለት ነው።

በመጨረሻም በ1936 የስፔን የርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለ። እሳቱ ሳይጠፋ 11 ቀን ነደደ። በኋለኛው ዘመን የተጨመረው በብዙ ጌጥ የተሠራ መንበር፣ ሥዕሉ፣ የእንጨቱ ዕቃ ሁሉ አመድ ሆነ። ዓምዶቹና ጣሪያው ግን ቆሙ። ጣሪያው ጥቀርሻ ለበሰ እንጂ አልወደቀም። ዛሬ ውስጡ ሲታይ ባዶ ነው፤ ድንጋይና ብርሃን ብቻ ነው። ሰው ግን ባዶነቱን ይወድለታል። ባለ ጸጎች በኋላ ያመጡት ጌጥ ነደደ፤ ተሸካሚዎች ያመጡት ድንጋይ ቀረ።

ከጦርነቱም በኋላ ጥገናው በመዋጮ ቀጠለ። ለወጣቶቻችን ደስ የሚል አንድ ነገር እንጨምር። ከመስኮቶቹ በአንዱ መስተዋት ላይ የባርሴሎና እግር ኳስ ክለብ ምልክት አለ፤ ክለቡ ለጥገናው ስላዋጣ ነው። ስለዚህ ያዋጣ ሁሉ ምልክቱ አለ፤ ተሸካሚውም በበሩ፣ ክለቡም በመስኮቱ።

የተከበራችሁ አባላት፤

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። «ብር የከፈለና ድንጋይ ያቀበለ እንዴት እኩል ይሆናሉ?» ላሉት አባሎቻችን ንቀት የለንም። ጥያቄአቸው ተገቢ ነው። ስሚንቶ በጉልበት አይገዛም። ቆርቆሮ ቤት ድረስ መጥቶ «በነጻ ውሰዱኝ» አይልም። ደግሞም አንዳንድ ሰው «ጉልበቴን እሰጣለሁ» ብሎ ስሙን አስጽፎ በሥራው ቀን እንደማይመጣ እናውቃለን። ይህ ሐቅ ነው።

ነገር ግን ሌላም ሐቅ አለ። መሠረት ለማስቆፈር፣ ድንጋይና አሸዋ ለማጓጓዝ፣ ውኃ ለማመላለስ፣ ብሎኬት ለማቀበል ለቀን ሠራተኛ የምንከፍለው ገንዘብ ከዚያው ከመዋጮው ነው የሚወጣው። አባላችን ይህን ሥራ በነጻ ከሠራ ያ ገንዘብ በሣጥናችን ውስጥ ይቀራል። ሣጥን ውስጥ የቀረ ብርና ሣጥን ውስጥ የገባ ብር ልዩነታቸው ምንድን ነው? ገንዘብ ያዣችን ሁለቱንም ያውቃቸዋል።

ሦስተኛም ነገር አለ፤ እርሱ ከሁሉ ይከብደናል። መክፈል ያልቻለውን አባል «አንተ አላዋጣህም» ብለን ከመዝገብ ብናወጣው፣ አዳራሹ ሲያልቅ በዚያ በር እንዴት ይገባል? የእናቱ ለቅሶ በዚያ አዳራሽ ሲሆን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀመጠው። ይህ አዳራሽ የተነሣው ኀዘንተኛ ሰው ሰብሰብ ብሎ እንዲጽናና ነው። የሰፈራችንን ድሃ የሚያሳፍር ከሆነ ባይሠራ ይሻላል። የሪቤራ ሰዎች ኩሊውን በር ላይ ያስቀመጡት ይህን ስላወቁ ይመስለናል።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ሐሳብ ለጉባኤው ያቀርባል፤

1ኛ፤ አንድ አባል የሠራው የጉልበት ሥራ በዕለቱ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ተሰልቶ እንደ መዋጮ ይቆጠርለት።

2ኛ፤ የጉልበቱም የገንዘቡም መዋጮ በአንድ መዝገብ ይጻፍ። የድሃ መዝገብና የሀብታም መዝገብ ተብሎ አይለይ። ለሠራም ለከፈለም እኩል ደረሰኝ ይሰጠው።

3ኛ፤ ስሙን አስጽፎ የቀረ ሰው የቀረበት ቀን አይቆጠርለትም። ተቆጣጣሪዎች በየማታው ይፈርማሉ። ይህ የሚደረገው አባልን ለመጠርጠር ተብሎ ሳይሆን የሠራው ሰው ድካሙ እንዳይጠፋበት ነው።

4ኛ፤ ሸክም የማይችሉ አረጋውያን፣ ሕመምተኞችና ነፍሰ ጡር እናቶች ለሠራተኛው ውኃና ቡና በማቅረብ፣ ዕቃ በመጠበቅ፣ የገባ የወጣ በመቁጠር ይሳተፉ፤ እርሱም ይቆጠርላቸው።

5ኛ፤ ጉልበት የሚሰጠው በፈቃድ ብቻ ይሁን። ተገድዶ የተሸከመ ሰው ድንጋዩን ያመጣዋል፤ ልቡን ግን አያመጣውም።

6ኛ፤ የግንበኛውንና የአናጢውን ሥራ ለባለሙያ እንተው፤ ደመወዙንም በጊዜው እንክፈል። የባለሙያ ሥራ በደቦ አይሠራም። ጣሪያ ሲወድቅ አባልና አባል ያልሆነ አይለይም።

7ኛ፤ ከመዋጮው ጥቂት ጥቂት ለጥገና ተለይቶ በባንክ ይቀመጥ።

8ኛ፤ አዳራሹ ሲያልቅ የተጀመረበትና ያለቀበት ዓመት፣ እንዲሁም በገንዘብም በጉልበትም ያዋጣ አባል ሁሉ ስም፣ ማን ስንት ከፈለ ሳይባል፣ በፊደል ተራ በግድግዳው ላይ ይጻፍ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ስንተርት ኖረናል። ድሩ ሲያብር ግን ወፍራሙ ክር ቀጭኑን «አንተ አትቆጠርም» አይለውም። ቢለው ድሩ ይበጠሳል።

የሪቤራ ተሸካሚዎች ብዙዎቹ ሥራው ሲያልቅ አላዩም። መሠረቱ ሲጣል የተሸከሙት ጣሪያው ሲደፈን በሕይወት አልነበሩም። የእኛ አዳራሽ ትንሽ ነው፤ በእግዚአብሔር ፈቃድ ሁላችንም ገብተን እንቀመጥበታለን። ከእኛ የሚጠበቀው ከእነርሱ ያነሰ ነው። ያንን ያነሰውን እንኳ በጭቅጭቅ እንዳናሳልፈው አደራ እንላለን።

ድምፅ የሚሰጠው ዛሬ ውይይቱ ሲያልቅ ነው። የደገፈም የተቃወመም ሐሳቡን በነጻ ይናገር። ሲናገር ግን የሌላውን አባል ኑሮ እየጠቀሰ አይናገር። በጉልበት ለመሳተፍ የሚፈልግ አባል ከፊታችን እሑድ ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እየመጣ ስሙን ያስመዝግብ። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ ይህን ጽሑፍ እንድታነቡላቸው በትሕትና እንጠይቃለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ሥራ አመራር ኮሚቴው